ግቢ ውስጥ ትምህርት ሲከብዳችሁ ማንን፣ መቼና እንዴት እንደምትጠይቁ

ይሄን የምጽፈው ግሬድ ሪፖርቱ ላይ «ዋርኒንግ» (የውጤት ማስጠንቀቂያ) የሚል አይቶ፣ ዶርም ገብቶ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ለማን ልናገር እያለ ለሚጨነቅ ተማሪ ነው። ገና ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ላይ ሆኖ ነገሩ ከእጁ እየወጣ ለመሰለውም ጭምር። እኔ ፍሬሽ እያለሁ በመጀመሪያው ሴሚስተር ከ4.00 1.80 አመጣሁ። ዋርኒንግ ገባሁ። ከዚያ ወጣሁ፣ በስታትስቲክስም ተመረቅሁ። የወጣሁት ግን ብቻዬን አይደለም፤ ብዙ ሰው አግዞኛል፣ እነዚያን ሰዎች የት እንደምታገኟቸው ልነግራችሁ ነው የምፈልገው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ግቢ ውስጥ እርዳታ አለ። የሚሠራው ግን በወረቀትና በጊዜ ነው። መምህሩ ቢያዝንላችሁ፣ አስተባባሪው «አይዞሽ» ቢላችሁ፣ ጸሐፊዋ ጉዳያችሁን ብታውቀው፣ ፋይላችሁ ውስጥ የገባ ወረቀት ከሌለ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ማንም ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም። ወረቀቱ ካለ ደግሞ የማያውቃችሁ ሰው እንኳ ያግዛችኋል።

የእኔ ነገር የጀመረው በታይፎይድ ነው። የመጀመሪያው ሚድ ሊደርስ ሲል አተኮሰኝ። የዶርሜ ልጆች ደግፈው የተማሪዎች ክሊኒክ ወሰዱኝ፣ ከክሊኒኩ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል ሪፈር ተባልኩ፣ የማትስ ሚድ እዚያ እያለሁ አለፈ። ቤተሰቦቼ ጎጃም፣ እኔ ደቡብ። ስመለስ የአገሬ ልጅ የሆነች ሲኒየር ልትጠይቀኝ መጣች። ብርቱካን ይዛ ነበር። «ከሆስፒታል የሰጡሽን ወረቀት አሳዪኝ» አለችኝ፤ ደህና ነሽ ወይ ከማለቷ በፊት ማለት ይቻላል። ወረቀቱ ላይ ማኅተም ነበረ፣ የታመምኩበት ቀን ግን በደንብ አይነበብም ነበር። በማግስቱ ይዛኝ ግቢው ክሊኒክ ሄደን፣ ሪፈር የጻፈልኝ ሐኪም ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ታማ ነበር ብሎ ግልጽ አድርጎ ጻፈልኝ። እሷ ባትኖር ያ ወረቀት አይኖረኝም ነበር፣ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ማመልከቻውንም አብራኝ ነው የጻፈችው። ብዙ ልጆች ማመልከቻ ሲጻፍ ልብ የሚነካ ታሪክ መሆን አለበት ብለው ሁለት ገጽ ይጽፋሉ። አያስፈልግም። የእኔ ይህን ያህል ነበር፦

«ለፍሬሽማን ፕሮግራም ማስተባበሪያ። ጉዳዩ፦ የሚድ ፈተና እንድፈተን ስለመጠየቅ። እኔ አመልካች በሕመም ምክንያት የሒሳብ ሚድ ፈተና ላይ መገኘት አልቻልኩም። የታመምኩባቸውን ቀናት የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ አያይዤ አቅርቤያለሁ። ስለዚህ ማስረጃዬ ታይቶ ሜካፕ እንድፈተን እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ከሥሩ ስም፣ አይዲ ቁጥር፣ ሴክሽን፣ ስልክ፣ ፊርማ፣ ቀን። በቃ። ሁለት ኮፒ አድርጉ። አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፣ በሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት ማኅተም ተደርጎበት ለእናንተ ይመለስ። ጸሐፊዋ «አያስፈልግም፣ እዚሁ ተዪው» ብትላችሁ እንኳ «እባክሽ እትዬ፣ ለእኔ ማስታወሻ ይሁነኝ» ብላችሁ ለምኑ። ስልካችሁም ላይ ፎቶ አንሡት። ይሄን ያህል የምጨቀጭቃችሁ በኋላ ምን እንደጠቀመኝ ስለማውቅ ነው።

ሜካፑን ተፈተንኩ። ሴሚስተሩ አለቀ። ግሬድ ሲወጣ ማትስ ላይ «ኤን ጂ» ይላል። ለማታውቁ፣ ኤን ጂ ማለት ግሬድ አልገባም ማለት ነው፤ አንድ ውጤት ጎድሏል ወይም መምህሩ አላስገባም። ብዙ ፍሬሾች ኤን ጂ ሲያዩ «ኤፍ አይደለም እኮ» ብለው ደስ ይላቸዋል። ደስ አይበላችሁ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኤን ጂ በተወሰነው ጊዜ ካልተስተካከለ ወደ ኤፍ ይቀየራል፣ ያ ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። በእኔ ላይ የሆነው፣ ሜካፑን የፈተነኝ መምህር ሌላ ግቢ ተዛውሮ ወረቀቴ ከሌሎች ጋር ሳይያያዝ ቀርቶ ነበር። ቢሮው መጀመሪያ «ሜካፕ ስለመፈተንሽ መረጃ የለንም» አለኝ። ገቢ የተመታበትን ኮፒ አወጣሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቀየረ፤ ወረቀቱ ተፈለገ፣ ተገኘ፣ ታረመ፣ ግሬዱ ገባ። ለዚያ ግን በየቀኑ መሄድ ነበረብኝ፣ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት በር ላይ መቆም።

ስለ ግሬድ ካነሣን፣ ቅሬታም ማቅረብ መብታችሁ ነው። ፈተና ላይ የሠራችሁትና የተሰጣችሁ ካልተገናኘ መጀመሪያ መምህሩን በአክብሮት ጠይቁ። «ቲቸር፣ ወረቀቴን ላየው እችላለሁ?» ማለት ድፍረት አይደለም። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የድምር ነው ወይም የአሳይመንት ውጤት ሳይገባ ቀርቶ ነው፣ እዚያው ይስተካከላል። ካልተግባባችሁ በጽሑፍ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ታቀርባላችሁ፣ ወረቀቱ በሌላ መምህር እንዲታይ መጠየቅ ትችላላችሁ። የቅሬታ ጊዜ ግሬድ ከወጣ በኋላ ጥቂት ቀን ብቻ ነው፤ ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ በሚሮጥበት ሰሞን ነው የሚያልፈው። ግሬድ ሳታዩ ከግቢ አትውጡ፣ ከወጣችሁም ግቢ ለሚቀር ጓደኛ ውክልና ስጡ።

እንግዲህ ማትሱ ከገባ በኋላ ነው 1.80 መሆኑን ያወቅሁት።

ያን ጊዜ ለአንድ ሳምንት ያህል ለማንም አልነገርኩም። ይሄን የሚያውቅ ያውቀዋል። ስንመጣ ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ነው የላከን፣ እናቴ ዳቦ ደፍታ። አሁን የሚገቡት ልጆች ላይ ደግሞ ሸክሙ የባሰ ይመስለኛል። በ2015 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በእንዲህ ያለ ወንፊት አልፎ የመጣ ልጅ፣ ቤቱ «የእኛ ሰቃይ» ሲባል የኖረ ልጅ፣ ዋርኒንግ ገባሁ ብሎ ለማን ይናገራል? ግን ተናገሩ። እኔ ለታላቅ ወንድሜ ነው የነገርኩት፣ ለአባቴ እሱ ቀስ ብሎ ነገረልኝ። ምንም አልሆነም። አባቴ ደውሎ «ምግብ ትበያለሽ?» ነው ያለኝ።

ቤት መንገር ካልቻላችሁ የካውንስሊንግ ቢሮ አለ። ብዙ ጊዜ በተማሪዎች ዲን ሥር ነው፣ ግቢያችሁ ውስጥ የት እንዳለ የተማሪዎች ኅብረትን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። እዚያ የሚሄድ ሰው አብዷል የሚባለውን ወሬ ተዉት። እኔ ሄጃለሁ። ያነጋገረችኝ ሴት መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ እንቅልፌ ነው፣ ከዚያ ቀኔን ከጠዋት እስከ ማታ አስቆጠረችኝ። ስንቆጥረው ላይብረሪ የምቀመጥበት ሰዓት ብዙ ነበር፣ እያነበብኩ የነበረው ግን ደጋግሜ ያንኑ የሌክቸር ሀንድአውት ነበር። መሸምደድ ይሉታል። ወርክሺት የምሠራበት ሰዓት አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ግን አድቫይዘሬ (አማካሪ መምህሬ) ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ አድቫይዘር ይመደባል፣ ስሙ ቦርድ ላይ ይለጠፋል፣ አብዛኛው ተማሪ ስሊፕ ለማስፈረም ካልሆነ በሩን አያንኳኳም። እኔም የሄድኩት ዋርኒንግ የገባ ተማሪ ያስፈርም ስለተባለ ነበር። ፈርሞ ሊሸኘኝ ይችል ነበር። ይልቁንም «ተቀመጪ፣ ወረቀት አለሽ?» አለኝና አብረን ሒሳብ ሠራን። እንዲህ ነው፣ ለስሌት እንዲቀል ሴሚስተሩ 30 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ) ነው እንበል፤ ሲ 2፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ቢ 3 ነው የሚቆጠረው።

1.80 ሲባዛ በ30፣ 54 ነጥብ። በሁለት ሴሚስተር 60 ኢሲቲኤስ ይሆናል፣ ከዋርኒንግ የሚያወጣኝን 2.00 ለመድረስ 120 ነጥብ ያስፈልጋል። ከ120 ላይ 54 ሲቀነስ 66 ይቀራል። 66 ሲካፈል ለ30፣ 2.20። ማለት ሁሉንም ኮርስ ሲ ባመጣ 60 ነጥብ አለኝ፣ የሚጎድለኝ 6 ብቻ ነው። ባለ 5 ኢሲቲኤስ አንድ ኮርስ ከሲ ወደ ቢ ከፍ ቢል 5 ነጥብ ይጨምራል፣ ሌላ ባለ 5 ወደ ሲ ፕላስ ከፍ ቢል 2.5። በቃ፣ አለፈ። እኔ ደግሞ ከዚያ በፊት በየኮርሱ ኤ ካልሰቀልኩ የምባረር መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ስመለከት ትከሻዬ ላይ የነበረው ነገር ሲወርድ ይታወቀኝ ነበር።

ከዚያ የየኮርሱን አውትላይን አስመጣኝ። ኩዊዝ ስንት፣ አሳይመንት ስንት፣ ሚድ ስንት፣ ፋይናል ስንት እንደሚይዝ አሰመረበት። ብዙ ኮርስ ላይ ግማሹ ውጤት ከፋይናል በፊት በተከታታይ ምዘና የሚያዝ ነው። ሁለት ኮርስ መርጠን እነሱ ላይ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጠንክሬ እንድይዝ፣ ሌሎቹን ከሲ እንዳይወርዱ እንድጠብቅ ተስማማን። ወር በወር ነይ እያለ ይጠራኝ ነበር። ሁሉም አድቫይዘር እንዲህ ነው አልልም። ቢሮው ሁልጊዜ የተቆለፈ አድቫይዘር የደረሳችሁ ትኖራላችሁ። ያኔ የዲፓርትመንት ኃላፊውን አናግራችሁ እንዲቀየርላችሁ ጠይቁ፣ ካልሆነም የምትወዱትን አንድ መምህር ይህን ሒሳብ አብሯችሁ እንዲሠራ ለምኑ። እምቢ የሚል ጥቂት ነው።

ደንቡንም አንብቡት። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሴኔት ሌጂስሌሽን (የራሱ መተዳደሪያ ደንብ) አለው፤ ዋርኒንግ ስንት ላይ እንደሚጀምር፣ ስንት ላይ ዲስሚሳል (መባረር) እንደሆነ፣ ተባርሮ መመለስ የሚችለው ማን እንደሆነ እዚያ ተጽፏል። ቁጥሩ ከግቢ ግቢ ይለያያል፣ በዓመትና በሴሚስተርም ይለያያል፣ ስለዚህ የሌላ ግቢ ልጅ ቴሌግራም ላይ የነገራችሁን አትመኑ። ሬጅስትራር ወይም የተማሪዎች ኅብረት ቢሮ ኮፒው ይገኛል። ደንቡን ሳያውቅ በግምት ብቻ ስንት ልጅ ያለ እንቅልፍ እንደሚያድር ሳስብ ያመኛል።

ቱቶሪያል፣ ማለት ማጠናከሪያ ትምህርት። ለሴት ተማሪዎች የጀንደር ቢሮው የሚያዘጋጀው ቱቶሪያል ብዙ ግቢ ውስጥ አለ፣ ለሁሉም የሚሆን ደግሞ ዲፓርትመንቶች ያዘጋጃሉ። እኔ የተጠቀምኩት ሁለተኛ ዓመት ላይ ካልኩለስ ሲከብደኝ ነው። ኢንተግሬሽን ፈጽሞ አልገባኝ ብሎ ነበር። አስጠኚያችን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት፣ ቾኩን ሰጠችኝና «ሥሪው፣ ስትቆሚ አቁሚ» አለችኝ። አንድ የፓርሻል ፍራክሽን ጥያቄ ጀመርኩ። የቆምኩት ኢንተግራሉ ላይ አልነበረም። ከሥር ያለውን ኳድራቲክ ፋክተር ማድረግ ላይ ነው። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትምህርት! እሷ አልሳቀችም፣ «እንግዲህ እሱን ነው የምናስተካክለው» ብላ የሃይስኩል መጽሐፍ ይዤ እንድመጣ ነገረችኝ። ሁለት ቅዳሜ ፋክተራይዜሽን ብቻ ሠራን። ከዚያ በኋላ ኢንተግሬሽኑ ራሱ ተከፈተልኝ። ስለዚህ ኮርስ ሲከብዳችሁ «ኮርሱ አይገባኝም» ብላችሁ ብቻ አትሂዱ፤ አንድ ጥያቄ ጀምራችሁ የቆማችሁበትን መስመር ይዛችሁ ሂዱ። የሚያስጠናችሁ ሰው ችግሩን ወዲያው ያገኘዋል።

እንግሊዝኛው ለከበዳችሁ፣ ይሄ የብዙዎቻችን ነው። ሃይስኩል መጽሐፉ እንግሊዝኛ ነው፣ መምህሩ ግን በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ነው ያስረዳን፤ ዩኒቨርሲቲ ላይ ደግሞ መምህሩ ከሌላ ክልል፣ ተማሪው ከየአቅጣጫው፣ ሌክቸሩ በፈጣን እንግሊዝኛ። እኛ ያደረግነው አራት ሆነን ማታ ማታ የነገውን ምዕራፍ አስቀድመን ማንበብ ነው። አንዷ ታነባለች፣ ሌሎቻችን በቋንቋችን እናስረዳለን። አንዷ ከጅማ ነበረች፣ አንዷ ከሐዋሳ፣ ስንጨቃጨቅ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ እንግሊዝኛው ይቀላቀል ነበር። ክፍል ስንገባ ግን ቃላቱ አዲስ አይሆኑብንም።

አሁን ከባዱን ልናገር። ውጤት እሰጥሻለሁ ብሎ ሌላ ነገር የሚጠይቅ መምህር ሊያጋጥም ይችላል። በቅርብ የማውቃት ልጅ ላይ ደርሷል። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፣ የማንኛችሁም አይሆንም። የጽሑፍ መልእክት ከላከ አታጥፉት፣ ስክሪንሻት አድርጋችሁ ለምታምኑት ሰው አስቀምጡ። ቢሮ ከተጠራችሁ ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ አትሂዱ። ለጀንደር ቢሮ በጽሑፍ አመልክቱ፣ ለሥነ ምግባር መከታተያ ክፍልም እንዲሁ። ጓደኛዬ ስታመለክት የፈተና ወረቀቷ በሌላ መምህር እንዲታረም ተደረገላት፣ ይህን አብራችሁ መጠየቅ እንደምትችሉ እወቁ።

አንዳንዴ ደግሞ ትክክለኛው እርዳታ ለጊዜው ማቆም ነው። ጽኑ ሕመም፣ ወሊድ፣ የቤተሰብ ሐዘን፣ መንገድ መዘጋት። እንዲህ ሲሆን ዝም ብላችሁ ሻንጣ ይዛችሁ አትሂዱ፣ እባካችሁ። ዊዝድሮዋል (ትምህርት ለጊዜው የማቆሚያ) ፎርም ሙሉ፣ ክሊራንስ ጨርሱ፣ ኮፒውን ያዙ። በሥርዓት ዊዝድሮው ያደረገ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት ሪአድሚሽን (ዳግም ቅበላ) ጠይቆ ካቆመበት ይቀጥላል። ሳይሞላ የጠፋ ግን ያልተፈተናቸው ኮርሶች ኤፍ ሆነው ሊቆጠሩበት ይችላሉ፣ ሲመለስም አስረዳ ይባላል። ከዶርማችን አንዲት ልጅ አባቷ አርፈው በዚያው ሌሊት ሄደች፤ በማግስቱ እኛ ክፍል ተወካዩን ይዘን ለአስተባባሪው በጽሑፍ አሳወቅንላት፣ እሷ ከሐዘኑ በኋላ መጥታ ፎርሙን ሞላች። ጓደኛችሁ እንዲህ ሲደርስበት ይህን ልታደርጉለት ትችላላችሁ።

ኮርስ ኤፍ ያለባችሁ፣ ቶሎ የምታዩት ነገር ፕሪሪኩዚት (ለሌላ ኮርስ ቅድመ ሁኔታ መሆኑ) ነው። ያ ኮርስ ለሚቀጥለው ዓመት ኮርስ መግቢያ ከሆነ ሁለቱንም ነው የሚያዘገያችሁ፣ ብዙ ኮርስ ደግሞ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። አድ ኤንድ ድሮፕ (ኮርስ መጨመርና መቀነስ) በሚደረግበት ሰሞን ከአድቫይዘራችሁ ጋር ተቀምጣችሁ እስከ ምረቃ ያለውን ኮርስ በሙሉ በወረቀት ላይ ደርድሩት። በዲ ያለፋችሁትንም ሜጀር ኮርስ አትርሱት፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፣ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው፣ የሚጠይቀውም እነዚያኑ የሜጀር ኮርሶች ነው። እኔ ካልኩለስና ፕሮባቢሊቲ ላይ ያኔ የሠራኋቸውን ወርክሺቶች አስቀምጬ ስለነበር ለመውጫ ፈተናው ስዘጋጅ እነሱን ነው ያወጣሁት።

ዲስሚሳል ወጥቶባችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ፣ መጀመሪያ የተጻፈው ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ። መመለስ የሚያስችልና የማያስችል አለ። የሚያስችል ከሆነ ሬጅስትራር የሪአድሚሽን ማመልከቻ የሚቀበልበትን ቀን ማስታወቂያ ያወጣል፣ ብዙ ጊዜ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ ቀደም ብሎ። ቀኑ ካለፈ ሙሉ ዓመት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። የምትመለሱበት ሴሚስተር ካቆማችሁበት ሴሚስተር ጋር መግጠም አለበት፣ መጀመሪያው ላይ ከሆነ የቆማችሁት መጀመሪያው ሲጀመር፣ ሁለተኛው ላይ ከሆነ ሁለተኛው ሲጀመር። ቤት የምትቀመጡ ከሆነ ግቢ ያለ አንድ ጓደኛ የሬጅስትራሩን ቦርድ እንዲያይላችሁ አደራ በሉት፣ ግሬድ ሪፖርታችሁንና የዲስሚሳል ደብዳቤውን ኮፒም ለሱ ተዉለት፤ ማስታወቂያው በወጣ ቀን ማመልከቻውን ሊያስገባላችሁ ይችላል።